ሥልጠና ስለ ሄደው የደም ግፊት መለኪያ

ለተከበሩ የሰፈራችን የጤናማ በዓል አመጋገብ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ሀዋሳ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2004 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ የፋሲካው ድግስ በሆድዎ፣ እርስዎም በወንበርዎ ተመቻችተው እንደ ሰነበቱ ተስፋ አለኝ፤ ለጤናዎ የምመኘው እርስዎ ለእኛ ጤና ከደከሙት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ከቤት ወደ ቤት ያስበተኑትን የምክር ወረቀት፣ ባለቤቴ እታፈራሁ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናትና፣ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ምስጋናዬም የሚከተለው ነው።

1ኛ/ የዶሮውን ቆዳ ገፍፈን እንድንጥል ስላስተማሩን። በዚህ አገር ዶሮ ከነቆዳው ወጥ ያደረገች ሴት ገና አልተወለደችም፤ ምክሩን ከየትኛው አገር ወረቀት እንደ ገለበጡት መጠየቅ ግን ነውር ነው።

2ኛ/ ኀምሳ አምስት ቀን ጎመንና ሽሮ የበላን ሰዎች በትንሣኤ ዕለት አትክልት እንድንለምድ ስላሳሰቡን።

3ኛ/ ከማዕድ በፊት ደም ግፊታችንን እንድንለካ ስላዘዙን። ይህኛው እንኳ ትክክል ነበር። ሐኪሟ ልኬቷ ወርዶ ከተገኘ ከበዓሉ ወጥ ጥቂት እንድትቀምስ ፈቅዶላት ነበርና፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እታፈራሁን ደግፌ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኋት። በሩ ላይ የተቀመጠችው ምስኪን ልጅ እያፈረች፣ «አባባ፣ መለኪያው ሥልጠና ላይ ነው» አለችን። ግብረ ኃይልዎ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ስለ ጤናማ አመጋገብ ለሚያሠለጥናቸው ባለድርሻ አካላት ማሳያ እንዲሆን ወስዶት ኖሯል። የሥልጠናው ምሳ ጥሬ ሥጋ ነበር የሚሉ አሉ፤ ቢሆንም መለኪያው አጠገብዎ ስለ ነበረ አልሠጋሁልዎትም። ዓርብ ተመልሰን ሄድን፤ አልመጣም። ቅዳሜ በሩ ዝግ ነበር።

ይህች ከተማ ገና ትንሽ ሳለች ገብረጻድቅ የሚባል ድሬሰር ነበራት። ግብረ ኃይል አላቋቋመም፤ መለኪያውን በቦርሳው ይዞ በየደጃፉ ያንኳኳ ነበር። ዘመኑ ኋላ ቀር ስለ ነበረ ይሆናል።

በትንሣኤ ዕለት እታፈራሁ ዐሥራ ሁለቱን ብልት ለልጆቻችን በእጇ አወጣች፤ ለራሷ ከጾሙ የተረፈ ሽሮ አቀረበች። ልጆቹ ቢለምኗት፣ «ልኬቴን ሳላውቅ አልደፍርም» አለች። ከሰፈሩ ሁሉ ምክርዎን የፈጸመች እርሷ ብቻ ናትና፣ በሩብ ዓመቱ ሪፖርትዎ በስኬትነት ቢያስመዘግቧት አንቃወምም።

ትእዛዝዎን በማክበር ያልቦዘንሁ፣ በእርስዎ ፈንታም ማፈሩን የተሸከምሁልዎ፣
ጡረተኛው የቋንቋ መምህር ባዬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መለኪያው ማክሰኞ ከሥልጠናው ተመልሷል። እታፈራሁ ተለካች። ልኬቷ ደኅና ነው፤ ሐኪሙም መብላት ትችል እንደ ነበር ነግሯታል። ዶሮው አልቋል።