እምቢ ያለው የባሌስትራ ብሎን

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ከጫኖ ማንጎ ሳመላልስበት የኖርኩትን ፒክአፕ የኋላ ባሌስትራ፣ ጭነት የሚሸከመውን ብረት፣ ልቀይር ብል ብሎኑ ዛሬም አልፈታም ብሎ እምቢ አለ። ልጄ አስናቀ፣ «አባባ፣ በጋዝ ይቆረጥ፤ አለዚያ መኪናውን ነገ ብረት ሰብሳቢው ቁራሌ ይውሰደው» ብሏል። በጋዝ ከተቆረጠ ብሎኑ የሚያልፍበት የባሌስትራው ጎማ ይቃጠላል። አልፈቅድም።

ዝገቱ እንዲለቅ ናፍጣ ካጠጣሁት በኋላ የብሎን መፍቻው ቁልፍ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ ስታገል ባለቤቴ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ብሎኑ ሳይወጣ ነፍስህ ልትወጣ ነው!» ብላ እየሳቀች የቧንቧው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ብሎኑ ጮኸ፤ ትንሽ ዞረ። ወዲያው መልሼ አጠበቅሁት።

«አበድክ እንዴ?»

«እየመለሱ ካልፈቱት ይሰበራል።»

እስኪመሽ ስንፈታ፣ ስንመልስ ግማሹ ወጣ።

«ነገ ቁራሌው ሲመጣስ?» አለችኝ።

«አንቺ እዚሁ ቧንቧው ላይ ትቀመጫለሽ፤ እሱ ቆሞ ይጠብቃል።»