ጎብዬ ላይ መብራት የነደፉት የኢንጂነር ቻላቸው አምባው የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ቻላቸው አምባው ከአባታቸው ከአቶ አምባው ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ ካሳው በመስከረም 1964 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ፣ ሮቢት ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሮቢትና በቆቦ ተከታትለው በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። በ1991 ዓ.ም. ከወይዘሮ መሠረት ጋር ጋብቻ መሥርተው ሊድያንና አማኑኤልን ወልደዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴሎችንና የአዳራሾችን መብራት በመንደፍ ረጅም ዘመን ሠሩ። «አምፖል ለመስቀል ምን ዲዛይን ያስፈልጋል?» ሲሏቸው ይስቁ ነበር እንጂ አይቆጡም። ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ገብቶ ብርሃን ከረከሰ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ ነጩንና የበዛውን ሲመርጥ እሳቸው ብርሃን መሬት ላይ እንጂ ሰው ዓይን ላይ መውደቅ የለበትም እያሉ ይሟገቱ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ቆቦ ላይ ቢሮ ከፈቱ። ጎብዬ ለሚሠራ አንድ ነዳጅ ማደያም ከለላ ያለው፣ ለዘብ ያለ መብራት ነደፉ። ባለቤቱ ግን «ከሩቅ ካልታየ ምን መብራት ነው?» ብሎ በነጭ ፓውዛ ለወጠው። ኢንጂነሩ ሌላ ሥራ እንዳያጡ ሰግተው ለውጡን አጽድቀው ፈረሙ።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ አመሻሽ፣ ባጃጅ የሚነዳው ሞላ ፓውዛው ዓይኑን ወግቶት ከገበያ የሚመለሱትን ወይዘሮ ፈሪሀን ገጫቸው። አንድ እግራቸው ተቆረጠ። ሞላ ታሰረ፤ ስለ መብራቱ የጠየቀ አልነበረም።

ኢንጂነሩ ግን ያውቁ ነበር። በጎብዬ ሲያልፉ ሚኒባስ ውስጥ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ «ኢንጂነር» ተብለው ሲጠሩ እንኳ መሬት መሬት ያያሉ። ወራት እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ ወይዘሮ ፈሪሀ ቤት ሄደው እግራቸው ሥር ወደቁ።

«እኔስ አውፍ ብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ» አሏቸው ወይዘሮ ፈሪሀ። «ልጁ ግን እስር ቤት ነው። ለሱ ማን ይናገርለት?»

በማግስቱ ኢንጂነሩ ፍርድ ቤት ሄደው «መብራቱ እንደሚያሳውር እያወቅሁ የፈረምሁት እኔ ነኝ» ብለው መሰከሩ። ሞላ ተፈታ፤ ፓውዛውም ወረደ። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ፤ ይህን እንደ ቅጣት ቆጥረው ችለውታል። ሊችሉት ያልቻሉት ሌላ ነበር። እሳቸው ዝም ባሉበት ጊዜ የሞላ እናት አርፈው፣ ልጃቸው እስር ላይ ስለነበር አልቀበራቸውም። ይህን ካነሱ እህል አይቀምሱም ነበር።

በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በሃምሳ አራት ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ልጃቸውን ሊድያን ጠርተው «ስቀበር ስለ ሆቴሎቹ አታውሩ። የጎብዬው በሰው ፊት ይነበብልኝ» ብለዋት ነበር። ቤተሰቡ አፍሮ ብዙ አመነታ፤ ቃላቸውን ግን አላጠፈም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እናታቸውን ትተው አልፈዋል። ሞላ፣ ከዚህ ቆመህ የምትሰማ ከሆነ፣ እሳቸው ፊትህ ቆመው ሊሉህ አፍረው የቀሩትን ይቅርታ እኛ ቤተሰቦቻቸው እንለምንሃለን።

እግዚአብሔር ዝምታቸውን ሳይሆን ለቅሷቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጎን ያሳርፍልን። አሜን።