ከምሳ በኋላ ብቻ ለሚያዩን የጤና ቦርድ ሰብሳቢ

ለተከበሩ ዶክተር፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች የጤና ቦርድ ሰብሳቢ፤

እንደምን አደሩ? አነሳስዎስ እንዴት ነበር? ከአልጋ ሲወርዱ ጀርባዎ ታዘዘልዎት? አንገትዎ ግራና ቀኝ ዞረልዎት? ካልሲዎን ያለ ሰው እርዳታ አጠለቁ? እንዲህ ያለውን ጤና አምላክ አብዝቶ ይስጥዎት፤ ዕድሜም ይጨምርልዎት። ቢያንስ የልጄ ይግባኝ እስኪታይ ድረስ በሕይወትም በሥልጣንም እንዲቆዩልኝ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ባለፈው ወር «ሕመም የለበትም፣ ሥራ መሸሽ ነው» ብለው ያሰናበቱት የወጣቱ ወረቀት ቆራጭ እናት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ጎበጥ ጎበጥ ይላል፤ ከምሳ በኋላ ካነበቡት ግን ቀጥ ብሎ እንደሚታይዎት አልጠራጠርም። ደብዳቤውን በማተሚያ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት ደግሞ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጊዜዎን እንዳልሻማ፣ የሚገባውና የሚወጣው ሠራተኛም የእርስዎን ደግነት እንዲያውቅ ብዬ ነው። ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ፤ ልጄ መጀመሪያ ወደ እርስዎ የመጣው ወገቡንና መቀመጫውን እያመመው እንቅልፍ ሲያጣ ነበር። «በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምን ወገብ አለህ?» ብለው ከሳቁ በኋላ ጠንካራ አልጋ ላይ ተኝቶ እንዲያርፍ አዘዙለት። እኛም ትእዛዝ አክባሪዎች ነንና ተኛ፤ ባረፈ ቁጥርም እየደረቀ ሄደ። ጧት ከአልጋ የሚወርደው በጎኑ ተንከባሎና ግድግዳ ይዞ ነበር፤ አጎንብሶ ማተሚያ ቤቱ ሲገባ የሥራ ጓደኞቹ «ሽማግሌው» የሚል ስም አወጡለት። ታናሽ እህቱም «እማዬ፣ አባባ ተነስተዋል፣ ምርኩዝ አቀብያቸው» እያለች ትቀልድበት ነበር። አንድ ቀን ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር ስታስርለት እንባዋ ጫማው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቀልዱ ቀረ።

በመጨረሻ አንድ ዓይኑ ቀልቶ ብርሃን ማየት ሲያቅተው ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሟ ዓይኑን አይታ ስለ ወገቡ ጠየቀችው። እርስዎ ወገቡን አይተው ስለ ምንም አልጠየቁትም። እሷ የላከችን የመገጣጠሚያ ሐኪም ራጅ አስነስቶ፣ ደም አስመርምሮ የበሽታውን ስም ነገረን፤ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ይባላል። ስሙን አስተካክዬ ለመጻፍ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁና እርስዎም አንድ ጊዜ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የዳሌና የአከርካሪ መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት የሚጀምር፣ አንዳንዴም ዓይንን የሚያቀላ በሽታ ነው። እረፍት ያባብሰዋል፣ እንቅስቃሴ ያላላዋል፤ ጧት ያስራል፣ እየዋለ ሲሄድ ይለቃል። ጨርሶ ባይድንም በመድኃኒትና በየዕለቱ በሚሠራ የአካል እንቅስቃሴ ይገታል። ከተተወ ግን የአከርካሪ አጥንቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሰውየው እንደ ጎበጠ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፤ ልጄ ከቦርድዎ የለመነው ፈረቃው ረፋድ ላይ እንዲጀምርለትና በየመሃሉ ከማሽኑ ዞር ብሎ እንዲንጠራራ እንዲፈቀድለት ብቻ ነበር። ቦርድዎ ግን የሚሰበሰበው ከምሳ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ልጄ ከማንም ጤነኛ አይለይም። ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ ቁጭ ካለ ጀርባው ስለሚደርቅ፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው ወዲያ ወዲህ ይራመድ ነበር። እርስዎ ጥርስዎን እየጎረጎሩ ከምሳ ሲመለሱ አይተውት፣ «እማማ፣ ይሄ ልጅ እኮ ከእኔ ይሻላል፤ ዘበኛ አድርጊው» አሉኝ። አጃቢዎችዎ ሳቁ። እኔም በአክብሮት ሳቅሁ፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ። በውሳኔው ላይም «ያለ ችግር ሲመላለስ በሰብሳቢው ታይቷል» ተብሎ ተጻፈ። የታዘዘለትን ሕክምና ሲፈጽም አይቶ ጤነኛ ነው ማለት፣ ክኒን ሲውጥ የታየን ሰው ጠግቧል ብሎ እንደ መፍረድ ነው።

እሱ ሲሰናበት ሐኪሙ ያዘዘለትን መርፌ የሚሸፍንለት የድርጅቱ የሕክምና ዋስትናም አብሮት ተሰናበተ። ሐኪሙ መርፌውን ያስጀመረው ክኒኑ ብቻውን ስላልበቃው ነበር። አሁን እጃችን ላይ ያለው ሲያልቅ ጀርባው ወደ የት እንደሚሄድ እርስዎም፣ እኔም፣ እሱም እናውቃለን።

ሦስተኛውን ቅሬታዬን በአፌ እንጂ በጽሑፍ ልለው አይገባም፤ በር ላይ የሚለጠፍ ነገር ልጆችም ያነቡታል።

ምስጋና ግን አለብኝ። ልጄን አስመሳይ ባይሉልኝ ኖሮ፣ እኔ ባለሥልጣን ፊት እጄን አጣምሬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወደ ቤቴ የምመለስ ሴት ሆኜ እቀር ነበር። ያን ቀን ግን ውሳኔዎን ይዤ ይግባኝ ሰሚው ቢሮ ሄድኩ። ሹሙ አንብበው ሲጨርሱ ቦርዱ የሚሰበሰበው በስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ልጄ እንደገና እንዲመረመር፣ ምርመራውም ጧት ገና ከአልጋው እንደ ተነሳ፣ በመገጣጠሚያ ሐኪሙ እጅ፣ እርስዎም ቆመው እያዩ እንዲሆን አዘዋል። በእርስዎ ፊርማ የተሰናበቱ ወጣቶች ጉዳይ በሙሉም እንደገና እንዲታይ አዘዋል። ይህ ከተሰማ ወዲህ ከጥረዛ ክፍል የተባረረች አንዲት ልጅ «እማማ፣ እኔንም ሰነፍ ብለውኛል፤ እኔም ጧት ጧት ነው የምታሰረው» ብላ ቤቴ መጥታለች። ሌሎቹንም በየቤታቸው እየዞርኩ ነው።

የልጄ ሥራ ከተመለሰ እንድተውዎ የሚመክሩኝ አሉ። አልተውዎትም። ሥራው ይመለስ፣ መርፌው ይመለስ፣ ከዚያ እርስዎ ከዚያ ወንበር ይነሱ። መነሳት ለአንዳንድ ሰው ምን ያህል እንደሚያም ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ጎንበስ ብዬ እጅ እንዳልነሳዎት፣ ጎንበስ ማለት በቤታችን መልካም ትዝታ የለውም። ስለዚህ ቀጥ ብዬ እንደ ቆምኩ፣ ዓይንዎን እያየሁ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የወረቀት ቆራጩ እናት

ማስታወሻ፦ በምርመራው ቀን ድንገት አሞኛል ብለው ለመቅረት ቢያስቡ፣ ሰው ታመምኩ ሲል ማመን ደግ ነውና ያለ ማስረጃ እንዲያምኑዎት ሹሙን ለምኜልዎት ነበር። አይሆንም አሉኝ። ቤትዎ ድረስ ሐኪም ይልኩልዎታል።