የመስቀሉን ክትፎ ጥሬውን እንዳትቀምሺ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለብዙዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ማቅለሽለሹ ተወሽ ወይስ እንደ ጀመረሽ ነው? ወገብሽስ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔና ባለቤቴ ይገረም ደህና ነን። ኮሮናው ቀለል ብሎ ስፓዛችንን፣ ያቺን የሰፈር ሱቃችንን፣ እንደ ልብ መክፈት ጀምረናል። በረራው ገና ስላልተከፈተ ግን ለመስቀል አልመጣም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ከፍተሽ ለቤቱ ሁሉ ስለምታሰሚው ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁና ብቻሽን አንብቢው።

ባለፈው ስትደውዪ እርጉዝ መሆንሽን፣ ባልሽ ሽጉጤ ከእጅሽ ሥራ እንደሚነጥቅሽ፣ እማዬም የመስቀሉ ሰንጋ ሲታረድ የጥሬውን ክትፎ የመጀመሪያ ጉርሻ ላንቺ እንዳሰበች ነገርሽኝ። እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ዘጋሁት። ውሸቴን ነው። ቀናሁብሽ ብዙዬ፤ አንጀቴ አረረ። ታላቋ እኔ፣ ቀድሜ ያገባሁት እኔ!

ሰኔ ላይ እኔም የአራት ወር ነበርኩ። ለማንም ሳልናገር ጨነገፈብኝ። ክሊኒኩ በኮሮናው ምክንያት ይገረምን በር ላይ አስቀርቶት ብቻዬን ነበርኩ። የደም ምርመራዬን ያየችው ነርስ ድመት አለሽ ወይ፣ ጥሬ ሥጋስ ትበያለሽ ወይ አለችኝ። ሁለቱንም አዎ አልኳት። ለአይጥ ብለን ሱቅ ያስገባናት ድመት አለች፤ ክትፎማ ያገራችን ልጆች ቤት መች አጥቼ! ደሜ ውስጥ የተገኘው ጥገኛ ተውሳክ ከየትኛው እንደያዘኝ እሷም አላወቀችም። እንዳስረዳችኝ፣ ጥገኛ ተውሳኩ ከድመት ዓይነ ምድር ሳር ላይ ይቀራል፤ ሳሩን በበላው ከብት ሥጋ ውስጥ ይገባል። ከብቱ ምንም አይመስልም፣ ይወፍራል። የሚጎዳው ጽንሱን ነው።

የእናንተ ድመት ደግሞ የት እንደምትውል ታውቂያለሽ፤ ሰንጋው ግርግም ውስጥ፣ ሳሩ ላይ። ገና ስለ ክትፎው ስትነግሪኝ ትዝ ብሎኝ ነበር። ትዝ እያለኝ ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩሽ። ትብላው፣ እንደኔ ትሁን ያልኩበት ቀን አለ። ትናንት ይገረም ለብዙዬ ልጅ ምን እንላክ ሲለኝ አለቀስኩና ሁሉን ነገርኩት።

እባክሽ ጥሬውን እንዳትቀምሺ። ለብለብም አይበቃም፤ በደንብ ይብሰል። እማዬ ብትቆጣ ሐኪም ከልክሎኛል በያት። በረቱን ሌላ ሰው ይጥረግ፤ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጤና ጣቢያ ሂጂና ይህንኑ ንገሪያቸው።

ቅናቱ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ አልዋሽሽም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የኔን ነገር ግን እንዳትሰማ። ሽጉጤንም ሰላም በዪልኝ። ሆድሽ ውስጥ ላለውም ሰላምታዬ ይድረሰው። ሴት ከሆነች ግን ሀሴት ብለሽ እንዳትጠሪያት። እሱ የኔዋ ስም ነው።

እህትሽ አለምወርቅ
ቮስሎሩስ፣ ጆሃንስበርግ
መስከረም 10 ቀን 2013 ዓ.ም.