ድምፃዊት ትርሲት ደሳለው፣ የሸክላ ሠሪዋ የወይዘሮ ሙናዬ ልጅ

ድምፃዊት ወይዘሮ ትርሲት ከአባታቸው ከአቶ ደሳለው አገኘሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙናዬ ዘመኑ በኅዳር ወር 1968 ዓ.ም. ከወረታ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የፎገራ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እናታቸው ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ ዛሬም ይሠራሉ።

ክረምት መንደሩን ውኃ ስለሚከበው ለትምህርታቸው ወረታ፣ አክስታቸው ወይዘሮ ስንዱ ቤት ተቀመጡ። እናታቸው በየገበያው ቀን ማሰሮና ድስታቸውን ሸጠው ስንቅ ያደርሱላቸው ነበር። እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። በ1988 ዓ.ም. የባህል ቡድን ገብተው መዝፈን ጀመሩ። በ1992 ዓ.ም. ከጎጃም ተመድበው ከመጡት መምህር አማረ ኃይለ ሚካኤል ጋር ተጋብተው ናፍቆትንና ወንዴን ወለዱ። በ1994 ዓ.ም. ያወጡት የሩዝ አረም ዘፈን በየሠርጉ ተጨፍሮበታል።

ስማቸው እየታወቀ ሲመጣ አንድ ጋዜጣ አነጋገራቸው። «አክስቴ ቤት ነው ያደግሁት» ማለታቸውን «እናታቸው በወሊድ ሞተውባቸው» አድርጎ አወጣው። ወሬው ከጋዜጣው ማንም ሰው ገብቶ ሊያርመው ወደሚችል የኢንተርኔት ገጽ ገባ፤ በ2005 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም አንድ ሬዲዮ የሕይወት ታሪካቸው ነው ብሎ አነበበው።

በዚያን ዕለት ወይዘሮ ሙናዬ ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ነበር። ሬዲዮ የከፈቱት ሴቶች የእናትየዋን ሞት ሲሰሙ «እኔን! ነፍሷን ይማር» አሉ። ወይዘሮ ሙናዬ «እናቷስ እኔ ነኝ» ቢሉ፣ አጠገባቸው የነበረች ሴት «አይዞዎት እማማ፣ ውኃው ያሽልዎታል» ብላ ጀርባቸውን አሸችላቸው።

ከዚያ በቀጥታ ልጃቸው ቤት መጡ።

«በሸክላዬ አፍረሽ ነው የገደልሽኝ?»

«እማዬ፣ እኔ አላልኩም!»

«ታዲያ ስለ አንቺ ማን ይናገራል?»

አቶ አማረ ባሕር ዳር ኢንተርኔት ቤት ገብተው ገጹን አስተካከሉት። በሳምንቱ ወደ ቀድሞው ተመልሶ አገኙት። ገጹን የሚጠብቅ አንድ የማናውቀው ሰው «ጋዜጣ ጽፎታል፤ የእናንተ ማስረጃ የታለ?» ብሎ ጻፈላቸው። የእናትና ልጅ ፎቶግራፍ ላኩ፤ የማን እናት እንደሆኑ አይታወቅም ተባሉ። ጋዜጣው ተዘግቷል፣ ጋዜጠኛውም የት እንደገባ አልተገኘም። ሌሎች ገጾችም ያንኑ ቀድተው ጽፈውት ነበር።

ወይዘሮ ትርሲት እናታቸውን ጣራ ገዳም ወስደው ማሉላቸው። ወይዘሮ ሙናዬ «አምኜሻለሁ» አሉ። ግን ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ቤት ሲመጡ በጓሮ በር ይገቡ ጀመር። ልጃቸው ወጥተው፣ እጃቸውን ይዘው በፊት ለፊት ያስገቧቸዋል፤ በሚቀጥለው ገበያ እንደገና በጓሮ ይመጣሉ።

ወይዘሮ ትርሲት በ2007 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ታከሙ። አልጋ ላይ ሳሉ አቶ አማረ ስልካቸውን ባነሡ ቁጥር «ተስተካከለ?» ይሏቸው ነበር። አልተስተካከለም። የካቲት 2 ቀን 2008 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ዕረፍታቸውን ሲናገር «እናታቸውን ሳያውቁ ያደጉት» አለ። ደወልን፤ ዜናው አልፏል አሉን። ወይዘሮ ሙናዬ «አሁንማ ማን ይመሰክርልኛል?» ብለው አለቀሱ።

ወይዘሮ ትርሲት እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ክንዴን ትተው ሄደዋል። እናታቸው አሁን ከአስከሬኑ ራስጌ የተቀመጡት ናቸው። ቀባሪ ሁሉ ይያቸው።

ለእህታችን ነፍስ ፈጣሪ ማረፊያ ይስጥልን፤ እናታችንንም ያጽናልን።