አቶ ጥበቡ ጓንጉል እና ካምቢዮ የቀየሩላት ጂፓቸው

አቶ ጥበቡ ጓንጉል ከአባታቸው ከአቶ ጓንጉል ዘለቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሥርጉት አየለ በጥር ወር 1947 ዓ.ም. በዲላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ መጥተው በዲላ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ሱቁን እንዲረከብላቸው ቢመኙም፣ አቶ ጥበቡ ገና በልጅነታቸው የሱቁን ሚዛን ፈታተው መልሰው መግጠም ስላቃታቸው አባት ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ ትምህርት ቤት ላኳቸው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዲላ አጠናቀው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በጂኦግራፊ መምህርነት አገልግለዋል። ተማሪዎቻቸው የዓለምን ተራሮች በየቁመታቸው ደርድረው እንዲያውቁ አድርገዋል፤ ራሳቸውን ያስቸገራቸው ግን ከዲላ ወደ ቡሌ ከተማ የሚያወጣው ዳገት ብቻ ነበር። ኋላም የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ሆነው የዞኑን ገጠር በእግራቸው አዳርሰዋል። አንድ ክረምት ጫማቸው ሬኮ በሚባል የገጠር ቀበሌ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ስለቀረ፣ ባዶ እግራቸውን እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ትምህርት ቤት በመግባት ለንጽሕና አጠባበቅ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥተው ተመልሰዋል።

በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሮማነወርቅ ተፈሪ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሴት ልጃቸውን ሀሌሉያን፣ ወንድ ልጃቸውን ይዲድያን አፍርተዋል።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ቤተሰቡ ያርፋሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ከአንድ ጨረታ እጅግ ያረጀች ጂፕ ይዘው ግቢ ገቡ። ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነበር። በከተማው ሜዳ ላይ እንደ እመቤት ትሄዳለች፤ የቡሌን ዳገት ስትይዝ ግን ሞተሯ ይጮኻል እንጂ ጎማዋ ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን አቶ ጥበቡ ዳገቱ ላይ ቆመው ሳሉ፣ ወደ ቡሌ ገበያ የሚወጡ እናቶች ሸክማቸውን ይዘው በአጠገባቸው ሲያልፉ “እንደምን አደሩ” ብለዋቸው፣ ገበያ ውለው ሲመለሱም እዚያው ቦታ ስላገኟቸው “እንደምን ዋሉ” ብለዋቸዋል።

ይህ ሰላምታ አቶ ጥበቡን ዘልቆ ተሰማቸው። በማግስቱ ለቤተሰቡ ውሳኔያቸውን አስታወቁ፤ አውቶማቲኩ ወጥቶ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ይገባላታል፤ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ትራንስፈርም አብሮ ይቀየራል። ለዚህም በዲላ ጋራዥ ያላቸውን ወዳጃቸውን አቶ ሙሐሲንን አማከሩ። አቶ ሙሐሲን “ጋሼ፣ ሌላ መኪና መግዛት ይቀላል” ብለው እንደነበር ዛሬም ያስታውሳሉ። ካምቢዮው ከሻሸመኔ፣ ትራንስፈሩ ደግሞ ጨርሶ ከማይዛመዳት የሌላ አገር ሥሪት መኪና ላይ ተፈትቶ ከሐዋሳ መጣ።

የጋራዡ ጣሪያ ያፈስስ ስለነበር ካምቢዮው ክረምቱን ያሳለፈው በአቶ ጥበቡ ሳሎን ነው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ማየቱ ቢያስጠላቸው ዳንቴል አለበሱት። ይህንንም በርጩማ የመሰላቸው የንስሐ አባታቸው ተቀምጠውበት ነጭ ቀሚሳቸው በዘይት ተበላሽቷል። ወይዘሮ ሮማነወርቅ በዚያ ዓመት የተናዘዙት በአብዛኛው ስለ ካምቢዮው እንደነበር ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ከብዙ ልፋት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ገጠማው ተጠናቀቀ። የማርሹ ዘንግ ብቅ ያለው በወይዘሮ ሮማነወርቅ መቀመጫ በኩል ስለነበር፣ እሳቸው ገና ሲያዩት “ከእኔና ከእሱ አንዳችን እንውረድ” ብለው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አቶ ጥበቡ ግን በደስታ ሞተር አስነስተው፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠው፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ጂፗም ወደ ኋላ ሄዳ የጋራዡን አጥር ደረመሰች። ሁለተኛ ማርሽ ሲሞክሩ ከቀድሞው በበለጠ ፍጥነት ወደ ኋላ ሄደች። ያ ባዕድ ትራንስፈር ዙሩን ገልብጦት፣ መኪናዋ አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ማርሽ ብቻ ወደ ፊት ኖሯት ቀረች።

አጥሩን በማንሳት ላይ እንዳሉ ከቡሌ ስልክ ተደወለ። ለመውለድ እናቷ ዘንድ የሄደችው የአቶ ሙሐሲን ባለቤት መሪማ ምጥ ይዟት፣ ልጁ ተጣሞ መምጣቱንና በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት አዋላጇ ተናገሩ። አምቡላንሱ ጭቃ ይዞታል፤ ሚኒባሶቹም በዝናቡ ምክንያት አንወጣም ብለዋል። አቶ ሙሐሲን መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አቶ ጥበቡ ግን በሩን ከፍተው “ግባ” አሏቸው።

“ጋሼ፣ ይህች መኪና እኮ ወደ ፊት ያላት አንድ ማርሽ ብቻ ነው!”

“ይበቃናል። ቡሌ ያለችው ወደ ፊት ነው።”

በእርግጥም ያ አንድ ማርሽ ዝግተኛ ቢሆንም ጉልበተኛ ነበር። ጂፗ በጭቃው ውስጥ ሳትንሸራተት፣ ዝናቡን እየሰነጠቀች ዳገቱን ወጣች። አቶ ጥበቡ ሁልጊዜ ይቆሙባት የነበረችውን ቦታ ሲያልፉ ጥሩምባ ነፍተዋል።

ችግሩ መመለሻው ላይ ነበር። መሪማ እየደከመች ስለነበር በዚያ ዝግታ ዲላ መድረስ አይታሰብም። አቶ ጥበቡም ፍራሽ አስነጥፈው መሪማን ከእናቷ ጋር አስተኝተው፣ ጂፗን አዙረው ጀርባዋን ወደ ዲላ ሰጡና ወደ ኋላ መንዳት ጀመሩ። እሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ አቶ ሙሐሲን በኋላው በር ተንጠልጥለው “ግራ! ግራ ጋሼ! ላም አለች!” እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱ። መሪማ በመንገድ ላይ ስለ ባሏ ሙያ የሰጠችው አስተያየት በዚህ ጽሑፍ ሊሰፍር አይገባም።

ዲላ መግቢያ ላይ የትራፊክ ፖሊሱ አቶ ሽመክት አስቆሟቸው። ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ግን ፊታቸው ተለወጠ። “በየትኛው አንቀጽ እንደምቀጣችሁ እስካገኝ ድረስ ሂዱ!” አሉና በሞተር ሳይክላቸው ከፊት ሆነው መንገድ አስከፈቱላቸው። መሪማ በቀዶ ሕክምና ሚስራ የተባለች ጤነኛ ልጅ ወለደች። አቶ ጥበቡ ግን ለሳምንት ያህል አንገታቸው አልዞርላቸው ብሎ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ሊላቸው የመጣውን ሰው ሁሉ በጎን ሲያዩት ሰነበቱ።

ከዚያ ተገቢው ትራንስፈር ተፈልጎ ተገጠመላት፤ የማርሹም ዘንግ ቦታውን ያዘ። ጂፗ ለዓመታት ከባንኮ ጎቲቲ እስከ ቡሌ ሕመምተኛና አራስ ስታመላልስ፣ ሙሽራም ስታጅብ ኖራለች።

በ2015 ዓ.ም. አቶ ጥበቡ ስትሮክ ታመው ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ተሳነው። ልጆቻቸው አውቶማቲክ መኪና እንግዛልዎ ቢሏቸው ለሦስት ቀን ምግብ አልበላም አሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ለማንም ሳይናገሩ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ተመዘገቡ። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቁ፤ ሁለተኛውን አለፉ። ከዚያም ባለቤታቸውን በጂፗ ጭነው ሐኪም ቤት ማመላለስ ጀመሩ። አቶ ጥበቡ አጠገባቸው ተቀምጠው “አሁን ሁለተኛ… ኧረ ሁለተኛ!” ሲሉ፣ እሳቸው ደግሞ “መሪው ማን እጅ ነው?” ይሏቸው ነበር።

በመጨረሻዎቹ ወራት አቶ ጥበቡ ከአልጋ መውረድ ስለተሳናቸው፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍተው ጂፗን ግቢ ውስጥ ያስነሱላቸዋል። እሳቸውም አድምጠው አንድ ጉድለት ሳያወጡላት ቀርተው አያውቁም። ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት ግን ለረጅም ጊዜ አዳምጠው፣ “አጥፊያት ሮማን፤ ደህና ናት” አሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሞተሩን አጥፍተው ሲገቡ፣ አቶ ጥበቡ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ዐርፈው አገኟቸው።

አቶ ጥበቡ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ፍሬን ትተው አልፈዋል። ልፋታቸውን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማደሪያ ይቀበልልን። ለወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ያብዛልን። አሜን።