ስክሪን ያለው ይሁን

ይድረስ ለወንድሜ ኢያድ፣ ሐዋሳ

አሰላሙ ዐለይኩም። አካም፣ ናጋ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ እዚህ ነገሌም ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ገብቶልናል።

ለፎቶ ቤታችን ስለምትገዛው የፎቶ ማጽጃ የብዕር ታብሌት፣ አባባ «ትንሹ ይበቃል» ቢሉህም አትስማቸው። ትንሹ ስክሪን ስለሌለው እጅ ታች እየሠራ ዓይን ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚሆነው። አንተ ስክሪን ያለውን፣ ከሁሉም ሰፊውን ምረጥልን፤ ብዕሩ ያረፈበት እዚያው ይታያል።

ባለፈው አባባ የጎረቤታችንን የቡርቱካንን የሰርግ ፎቶ በኮምፒውተር ሲያጸዱ፣ የእጇን ሒና እድፍ መስሏቸው አጠፉት። «ማውሱ ነው ያሳሳተኝ» አሉ። እኔም ማውሱን ወቀስኩላቸው፤ ለሶላት ሲወጡ ጠብቄ ሒናውን መልሼ ሣልኩት።

ትናንት ደግሞ ከገበያ ስመለስ አባባ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ተቀበሉኝና፣ «ይግቡ፣ ይቀመጡ። ጉርድ ነው ሙሉ?» አሉኝ። ድምፄን ሳላሰማ ካሜራው ፊት ተቀመጥኩላቸው። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል፤ አንዱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ።

ልጆችህን ሳምልኝ፤ አላህ በሰላም ያገናኘን። ታብሌቱን ግን በሹፌር እጅ አትላከው፤ ራስህ ይዘኸው ና።

እህትህ ካውሰር